የፓዴሩ መንደር ጥናት ረቂቅ፦ ጂፕ ወይስ አውቶቡስ?

ጸሐፊው፦ ሲቪል ምሕንድስና፣ ኢኮኖሚክስና ጤና የምትማሩ አባላት፣ በዚህ የጥናት ጉዞ ረቂቅ ላይ እስከ ዓርብ ሐሳብ ስጡ። የምናጠናው በሕንድ አንድራ ፕራዴሽ ክልል፣ ፓዴሩ ኮረብታ ላይ ያሉትን መንገድ የሌላቸው ሦስት ሠፈሮች ነው። የሕንድ መንግሥት የገጠር መንገድ ፕሮግራም ከ2000 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ጀምሮ መንገድ የሚሰጠው ሰው ቆጥሮ ነው። ሜዳ ላይ 500፣ በተራራና በጎሳ አካባቢ 250 ነዋሪ ይጠይቃል። በ2024 የጸደቀው የፕሮግራሙ አራተኛ ምዕራፍም የያዘው የ2011ን የሕዝብ ቆጠራ ነው። ሠፈሮቹ ለየብቻ 250 አይሞሉም። ቤት ለቤት ቆጥረን ውጤቱን ለመንደሩ ምክር ቤት እንሰጣለን። ጂፕ ለ2 ቀን 9,000 ሩፒ።

ገንዘብ ያዥዋ፦ ጂፑ ይሰረዝ። የአምናው የሃይደራባድ ጉዞ ሒሳብ ገና አልተወራረደም። ከቪሳካፓትናም ፓዴሩ አውቶቡስ አለ።

ሲቪሉ፦ ፓዴሩ ከደረስን በኋላስ? መንገድ የለም ብለን እኮ ነው የምንሄደው።

ገንዘብ ያዥዋ፦ መንገድ ከሌለ ጂፑስ በየት ይሄዳል?

ሲቪሉ፦ ጥርጊያው እስከሚያልቅበት። የቀረውን በእግር። ይሄ ሊገባሽ ያልፈለገው ለምንድነው? ዋናው ነገር ሠፈሮቹን መደመር ነው። በፕሮግራሙ የመጀመሪያ መመሪያ፣ ተራራ ላይ በ1.5 ኪሎ ሜትር የእግር መንገድ ውስጥ ያሉ ሠፈሮች አንድ ላይ ሊቆጠሩ ይችላሉ። ያንን ርቀት ወጥተን ካልለካን ምንም አልሠራንም።

ኢኮኖሚክሱ፦ አውቶቡስ ይሻላል። ከኦገስት 2025 ጀምሮ በአንድራ ፕራዴሽ ሴቶች በመንግሥት አውቶቡስ በነጻ ነው የሚሄዱት። ሴቶቹ አባላት ምንም አይከፍሉም ማለት ነው።

ገንዘብ ያዥዋ፦ ለክልሉ ነዋሪ ነው፣ መታወቂያ ያያሉ። ለማንኛውም ከጂፕ ይረክሳል።

ኢኮኖሚክሱ፦ አንድ ቀን ብቻ ብንከራየውስ?

ገንዘብ ያዥዋ፦ ሾፌሩ የሚያድርበት፣ የሚበላው፣ ናፍጣው። በማን ኪስ?

ጤናዋ፦ ኧረ በፈጠራችሁ! እዚያ ኮረብታ ላይ ምጥ የያዛትን ሴት በዶሊ ነው የሚያወርዷት። እንጨት ላይ ጨርቅ አስረው፣ በትከሻ ተሸክመው፣ አምቡላንሱ እስከቆመበት። ቃሬዛ ተሸክሞ የወረደ ሰው ከመሃላችሁ የለም? እናንተ ስለ ሾፌር እራት ታወራላችሁ።

ገንዘብ ያዥዋ፦ ካዝናውን ያዢና ያኔ ተናገሪ።

ጋሼ፦ ረጋ በሉ ልጆች። እኛ አገር፣ ኢትዮጵያ፣ በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ መለኪያው ቀበሌ ነበር። እያንዳንዱ ቀበሌ ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ያግኝ ተባለ። እዚህ መለኪያው የሰው ቁጥር ነው። ሁለቱን የሚያነጻጽር ምዕራፍ ይግባበት። ጥሩ ወረቀት ይወጣዋል።

ኢኮኖሚክሱ፦ ጋሼ ልክ ናቸው። መጽሔት ላይ ሊወጣም ይችላል።

ሲቪሉ፦ ወረቀት ሳይሆን ቆጠራ ነበር ያልነው።

ጸሐፊው፦ የአካባቢውን ቋንቋ፣ ቴሉጉ፣ የሚችለው ልጅ አስተረጉማለሁ ብሎ ነበር። ስልኩ አይነሳም። ያየው አለ?

ጤናዋ፦ በቃ ይቅር በሉኝ፣ ተናድጄ ነው። ግን አስተርጓሚ ከሌለ ማንን ልንጠይቅ ነው?

ገንዘብ ያዥዋ፦ እኔም ቃሌ ከረረ። ጂፑ ግን ይሰረዝ።

ጸሐፊው፦ አብዛኛው ለአውቶቡስ ድምፅ ሰጥቷል። ስለዚህ ጥናቱ ፓዴሩ ከተማ፣ በገበያ ቀን ይሁን። ከኮረብታው የሚወርዱትን ስንት ሰዓት እንደተጓዙና ለጋራ ጂፕ ስንት እንደከፈሉ እንጠይቃለን። የጋሼ ንጽጽር የጽሑፋችን አንደኛ ምዕራፍ ይሆናል። የቤት ለቤቱ ነገር የ2027ቱ የሕንድ ቆጠራ ሲወጣ ይታያል።

ሲቪሉ፦ ገበያ የሚወርደው ጉልበት ያለው ነው። አራስና ሽማግሌ ቤት ይቀራል። የ2027ቱን ስንጠብቅ ደግሞ በ2029 የሚያበቃው የመንገድ ፕሮግራሙ አራተኛ ምዕራፍ ያመልጠናል። ስሜን ከረቂቁ አውጡ።

ጤናዋ፦ አትውጣ። የዶሊውን ጥያቄ እኔ መጠይቁ ውስጥ አስገባዋለሁ።

ገንዘብ ያዥዋ፦ መጠይቁ ስንት ገጽ ነው? የማተሚያውን ሒሳብ ሳላውቅ አልፈርምም።