ፓሪቲያቸው የተለያየ ቆጣሪዎች በአንድ የአርኤስ-485 መስመር ላይ፦ ጌትዌዩን በየትኛው ላስተካክል?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ውስጥ በሚገኝ አንድ ፋብሪካ በጥገና ክፍል እሠራለሁ። 12 የኤሌክትሪክ ኃይል ቆጣሪዎች በአንድ የአርኤስ-485 መስመር (ብዙ መሣሪያዎች በጋራ የሚጠቀሙበት የዳታ ሽቦ) ተያይዘዋል፤ ሁለቱን ወገን የሚያገናኘው ጌትዌይ ከእነርሱ ጋር በሞድባስ አርቲዩ (በሲሪያል ሽቦ የሚሄደው የሞድባስ መግባቢያ)፣ ንባቡን ሰብስቦ ከሚያሳየው የቁጥጥር ሥርዓት ማለትም ከስካዳው ኮምፒውተር ጋር ደግሞ በሞድባስ ቲሲፒ (በኔትወርክ የሚሄደው) ይነጋገራል። ስምንቱ ነባር ቆጣሪዎች ያለ ችግር ሲነበቡ ቆይተዋል። ባለፈው ወር የጨመርናቸው አራቱ ግን መልስ አይሰጡም፤ ስካዳው ላይ የሚታየው የስህተት ኮድ 11 ነው። የጌትዌዩ ሲሪያል ፖርት በ9600 ባውድ (በሰከንድ 9600 ቢት)፣ በ8 ዳታ ቢት፣ ያለ ፓሪቲ (በእያንዳንዱ ባይት ላይ የሚጨመር የስህተት መፈተሻ ቢት)፣ በ1 ስቶፕ ቢት (የባይቱን መጨረሻ የሚያመለክት) ተስተካክሏል። ፓሪቲውን ወደ ኢቨን (ተጋማሽ) ስቀይረው አራቱ አዲሶች ይመልሳሉ፣ ስምንቱ ግን ዝም ይላሉ። አድራሻዎቹን ከ1 እስከ 12 ሳይደጋገሙ ሰጥቻለሁ። ሁለቱንም ወገን በአንድ ጊዜ ማንበብ የሚያስችል ማስተካከያ አለ? በተጨማሪም አራቱ ከገቡ ወዲህ የነባሮቹ ንባብ እየዘገየ፣ አልፎ አልፎም እየተቋረጠ አስቸግሮኛል።

መልስ 1

ያደረጉት ሙከራ ትልቁን ሥራ ጨርሶልዎታል፤ ሁለቱም ወገን በየተራ ከመለሱ ሽቦውም አድራሻውም ደህና ናቸው ማለት ነው። ኮድ 11ን የሚልከው ጌትዌዩ ራሱ ሲሆን፣ የሚናገረውም ጥያቄው ወደ መስመሩ ቢላክም የተጠየቀው መሣሪያ እንዳልመለሰ ነው። ስለዚህ በኔትወርኩ በኩል ጉድለት አይፈልጉ።

አንድ ሲሪያል ፖርት በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ ማስተካከያ ብቻ ነው። አሁን ጌትዌዩ እያንዳንዱን ባይት በ10 ቢት (1 መጀመሪያውን የሚያመለክት ስታርት፣ 8 ዳታ፣ 1 ስቶፕ) ይልካል፤ ኢቨን ፓሪቲ የሚጠብቁት ቆጣሪዎች ግን ፓሪቲውን ጨምረው 11 ቢት ይቆጥራሉ። በመሆኑም የጌትዌዩን ስቶፕ ቢት እንደ ፓሪቲ ይወስዱትና ስቶፕ ቢት በሚጠብቁበት ቦታ የሚቀጥለው ባይት ስታርት ቢት ይገጥማቸዋል፤ ያን ጊዜ መልእክቱን ጥለው ዝም ይላሉ።

እኔ ብሆን ሁሉንም ወደ ኢቨን አመጣቸው ነበር። በሲሪያል መስመር ላይ ለሚሠራ ሞድባስ በወጣው መመሪያ መነሻ ተደርጎ የተቀመጠው ፓሪቲ ኢቨን ነው፤ ያለ ፓሪቲ ለሚሠራ ደግሞ 11 ቢቱ እንዲሞላ 2 ስቶፕ ቢት ይጠይቃል።

መልስ 2

ከእኔ በፊት የጻፉት ስለ መመሪያው ያሉት ትክክል ነው፤ በመፍትሔው ግን አልስማማም። ያለ ፓሪቲና በ1 ስቶፕ ቢት የሚሠሩ መሣሪያዎች እጅግ ብዙ ናቸው፤ የመልእክቱን ትክክለኛነትም በመጨረሻ ያለው ባለ 16 ቢት ሲአርሲ (ከመልእክቱ ተሰልቶ የሚጨመር መፈተሻ ቁጥር) ይመረምራል። በሥራ ላይ ያሉ ስምንት ቆጣሪዎችን ከመነካካት አራቱን አዲሶች ከፊት ሰሌዳቸው ወደ ነባሩ ማስተካከያ መመለስ ይሻላል። ጌትዌዩ ሁለተኛ ሲሪያል ፖርት ካለው ደግሞ አራቱን ወደዚያ ለይቶ ማገናኘት ይቻላል።

ስለ መዘግየቱ የጊዜ ገደቦቹን ይመልከቱ። ጌትዌዩ ለአንድ ቆጣሪ ስንት ሚሊሰከንድ ይጠብቃል? ስካዳውስ? በመስመሩ ላይ በአንድ ጊዜ የሚስተናገደው አንድ ጥያቄ ብቻ ስለሆነ፣ ጌትዌዩ ዝም ያለውን ቆጣሪ እየጠበቀ ሳለ የደህናዎቹ ጥያቄ ወረፋ ይይዛል።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጌትዌዩ 1000 ሚሊሰከንድ፣ ስካዳው ደግሞ 1500 ሚሊሰከንድ ይጠብቃሉ። ከእያንዳንዱ ቆጣሪ 20 ሬጅስተር (እያንዳንዱ 2 ባይት የሚይዝ የመረጃ ቦታ) አነባለሁ።

መልስ 2

እንግዲህ መዘግየቱ ከዚያ ነው፤ አራቱ ዝምተኞች በእያንዳንዱ ዙር 4 ሰከንድ ይበላሉ፣ ሁለቱ ተከታትለው ሲጠየቁም ከኋላቸው ወረፋ የያዘው ጥያቄ የስካዳው 1500 ሚሊሰከንድ ያልፍበታል። ለ20 ሬጅስተር ጥያቄው 8 ባይት፣ መልሱ 45 ባይት ነው፤ ይህ በ9600 ባውድ 55 ሚሊሰከንድ ያህል ይወስዳል። ቆጣሪው ለማሰብ የሚፈጅበትን ጨምረው ጌትዌዩን ወደ 300 ሚሊሰከንድ ያውርዱት። የስካዳው ገደብ ግን ምንጊዜም ከጌትዌዩ ይብለጥ፤ ካነሰ ስካዳው ተስፋ ቆርጦ ጥያቄውን ሲደግም ጌትዌዩ ገና የፊተኛውን ይዞ ይቆያል።

ጠያቂው

አራቱን ያለ ፓሪቲ አድርጌያቸዋለሁ። ሦስቱ ወዲያውኑ መለሱ፤ አንደኛው ግን አዲሱን ማስተካከያ በሰሌዳው ላይ እያሳየ በአሮጌው ይሠራ ስለነበር ኃይሉን አጥፍቼ እስካበራው ድረስ አልመለሰም። ጌትዌዩን በ300 ሚሊሰከንድ አድርጌ ስካዳውን እንደነበረ ትቼዋለሁ። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ 12ቱም ሳይቋረጡ እየተነበቡ ነው።