የናስ ኪት ሞዴል ባቡር፦ ሻንሲው በየዙሩ ይይዛል፣ ኩርባ ላይ ሾርት ያደርጋል

ወለተ ሐዲድ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። በ1፡76 ስኬል፣ በ16.5 ሚሊ ሐዲድ ላይ የሚሄድ የእንግሊዙን የግሬት ዌስተርን ምድር ባቡር 5700 ክላስ ፓኒየር ታንክ (የውሃ ታንኮቹ ከቦይለሩ ግራና ቀኝ የተንጠለጠሉ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ) ሞዴል ከናስ ላሜራ ኪት እየሠራሁ ነው። ሲያልቅ የለንደን ትራንስፖርት ኤል 94 እንዲሆን ነው የምፈልገው፤ የቀድሞው 7752 ማለት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1971 የድርጅቱን የመጨረሻ የእንፋሎት ባቡር የሳበው። ሻንሲው 0.45 ሚሊ ኒኬል ሲልቨር ነው፣ አክስሉ 3.18 ሚሊ፣ ጎማዎቹ ተገፍተው የሚገቡ፣ መሃላቸው ፕላስቲክ። ሞተሩ ባለ 12 ቮልት፣ ካምቢዮው 1፡40፣ የሚያዞረው የኋላውን አክስል ነው።

ያስቸገሩኝ እነዚህ ናቸው። ጎማው በዞረ ቁጥር አንድ ቦታ ላይ ይይዛል፣ ከዚያ ይለቃል። ራዲየሱ 438 ሚሊ የሆነ ኩርባ ላይ ሲገባ ሾርት ያደርጋል፤ ቀጥታ ሐዲድ ላይ ግን ምንም የለም። ጭስ ማውጫውና ዶሙ (በቦይለሩ ላይ ያለው ጉልላት) ዋይት ሜታል፣ ማለትም በቀላሉ የሚቀልጥ ብረት፣ ስለሆኑ በካውያ እንዳላቀልጣቸው ፈርቻለሁ። በመጨረሻም ሌላ ቁራጭ ላይ የሞከርኩት ቀለም ከነፕራይመሩ እየተላጠ ነው። ከየት ልጀምር?

ጋሽ ፑንታ
ከመያዙ ጀምሪ፤ እሱ ሳይስተካከል የቀረውን መንካት ድካም ነው። መጀመሪያ ሞተሩንና ካምቢዮውን አውጪ። አያያዥ ቢዬላዎቹንም (ጎማዎቹን ከውጭ የሚያያይዙትን ዘንጎች) ከሁለቱም ጎን አውልቂና ሻንሲውን በትንሹ ዘንበል ባለ መስታወት ላይ ልቀቂው። ሦስቱም አክስሎች በራሳቸው መዞር አለባቸው። አንዱ ከከበደ ቡሹ (አክስሉ የሚዞርበት ቀለበት) ጠማማ ነው ወይም ውስጡ ሊድ፣ ማለትም በካውያ የሚቀልጠው መበየጃ፣ ገብቷል።

ቀጥሎ የአንድ ጎን ቢዬላ ብቻ ግጠሚና አሽከርክሪ። ከዚያ እሱን አውልቀሽ የሌላውን ጎን ብቻ። እዚህ ላይ የምታዪው ወሳኝ ነው። አንድ ጎን ብቻውን ተገጥሞ እያለ ከያዘ፣ የቢዬላው ቀዳዳዎች ርቀትና የአክስሎቹ ርቀት አልተገናኙም። እያንዳንዱ ጎን ብቻውን ነፃ ሆኖ ሁለቱ አንድ ላይ ሲገጠሙ ከያዘ ደግሞ ጥፋቱ የጎማዎቹ ማዕዘን ነው፤ በግራና በቀኝ ክራንክ ፒን (ቢዬላው የሚሰካበት የጎማው ፒን) መካከል ያለው 90 ዲግሪ በሦስቱም አክስል ላይ እኩል አይደለም ማለት ነው። 91 ቢሆን ግድ የለም፣ ሦስቱም 91 ይሁኑ እንጂ።

የርቀት ጥፋት ራሱን የሚያሳየው ክራንክ ፒኑ ፊት ለፊት ወይም ወደ ኋላ ጫፍ ሲደርስ ነው። ላይና ታች ሲሆን ጎማው ትንሽ ዞር ብሎ ስህተቱን ይውጠዋል። የዚህ ባቡር የአክስል ርቀት 7 ጫማ ከ3 ኢንች እና 8 ጫማ ከ3 ኢንች ነው፤ በኛ ስኬል 29 እና 33 ሚሊ። በካሊፐር ለማረጋገጥ ከውጭ ጠርዝ እስከ ውጭ ጠርዝ፣ ከዚያ ከውስጥ ጠርዝ እስከ ውስጥ ጠርዝ ለኪና ሁለቱን ደምረሽ ለሁለት አካፍይ። ከቀዳዳ መሃል እስከ ቀዳዳ መሃል ያለው እሱ ነው። አክስሉንም እንዲሁ ለኪ።

ልዩነቱ ከ0.1 ሚሊ ከበለጠ ቀዳዳ በማስፋት አትሸፍኝው። ቡሹን በካውያ አላቅቂና ጫፋቸው በቢዬላው ቀዳዳ ልክ የተላጠ ረጃጅም የማስተካከያ አክስሎች አስገቢ፤ ቢዬላውን በጫፋቸው ላይ ሰክተሽ ቡሾቹን እንደገና በሊድ ያዢ። ያኔ ርቀቱን የሚወስነው ቢዬላው ራሱ ይሆናል። ከ0.1 በታች ከሆነ ግን በአምስት ጎን ሪመር የፊቱንና የመሃሉን ቀዳዳ በትንሽ በትንሹ አስፊ። ክራንክ ፒን ቡሹ 1.5 ሚሊ ከሆነ 1.6 ይበቃል። ሞተሩ የሚያዞረውን የኋላውን አትንኪ፤ እሱ ከሰፋ ባቡሩ ሲነሳ ይንቀጠቀጣል።

የላሜራ ልጅ
ጋሼ ያሉት ላይ አንድ ልጨምር፤ ጎማዎቹ ተገፍተው የሚገቡ ስለሆኑ እኔ ቀድሜ የምጠረጥረው ማዕዘኑን ነው። ፕላስቲክ መሃል ያለው ጎማ በእጅ ሲገፋ ይዞራል። ክራንክ ፒኑ ከአክስሉ መሃል 4 ሚሊ ቢርቅ፣ የ1 ዲግሪ ስህተት 0.07 ሚሊ ያህል ነው። ስለዚህ በ0.1 ሚሊ ክፍተት የሚታለፈው አንድ ዲግሪ ብቻ ነው፤ በዓይን ደግሞ ሁለት ዲግሪ አይታይም። የማዕዘን ማስተካከያ ጂግ ግዢ። ከተስተካከለ በኋላ አክስሉ ጫፍ ላይ በመርፌ ጠብታ የሲሊንደር ማጣበቂያ (ዘንግን ቀዳዳው ውስጥ አጽንቶ የሚይዝ) አድርጊበት፤ ካልሆነ ከአንድ ወር በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

ካምቢዮውን ስትመልሺ ከሻንሲው ጋር በሊድ ወይም በሙጫ አታጣብቂው። በአክስሉ ላይ ተንጠልጥሎ ትንሽ እንዲወዛወዝ ተዪውና እንዳይዞር ብቻ በቀጭን ሽቦ ያዢው። ሲጣበቅ አክስሉን ወደ አንድ ጎን ይገፋል፣ እና በቢዬላው ላይ ስትፈልጊ የምትውዪው መያዝ ከዚያ ይመጣል።

ለመፈተን አምፔር መለኪያ በመስመሩ ላይ አስገቢ። ቁጥሩ በየዙሩ አንዴ የሚዘል ከሆነ አሁንም ይዟል፤ ጆሮ የማይሰማውን ያሳያል። እና እባክሽ፣ የጥርስ ሳሙና ወይም ብረት ማጽጃ ቀብቶ ማሽከርከር የሚሉሽን አትስሚ። ዱቄቱ ቡሽ ውስጥ ይቀርና ሥራውን አያቆምም።

ባለ ካውያ
ወደ ሾርቱ ልሂድ። የጎማው ጀርባ ከጀርባ ርቀት፣ ማለትም በአንድ አክስል ላይ ባሉት ሁለት ጎማዎች ውስጠኛ ፊት መካከል ያለው፣ 14.5 ሚሊ መሆኑን በመለኪያ አረጋግጪ። ከዚያ ሒሳቡ እንዲህ ነው። መሃለኛው አክስል ኩርባ ላይ ከጫፎቹ መስመር የሚወጣው 29 ሲባዛ በ33፣ ለ876 ተካፍሎ ነው፤ 876 የራዲየሱ እጥፍ ነው። 1.1 ሚሊ ይመጣል። የጎማው ጠርዝና ሐዲዱ መካከል ያለው ልቅነት በኛ ጎማ 0.6 ያህሉን ይሸከማል። የቀረውን 0.5 መሃለኛው አክስል ወደየጎኑ በመንሸራተት መስጠት አለበት። የፊቱና የኋላው ግን ከ0.2 በላይ አያስፈልጋቸውም፤ በቀጭን ሮንዴላ ሙያቸው፣ አለዚያ ባቡሩ ቀጥታ መንገድ ላይ ጅራቱን እያወዛወዘ ይሄዳል።

ሾርቱ ለምን ኩርባ ላይ ብቻ? ሻንሲሽ በኤሌክትሪክ ከሁለቱም ሐዲድ የተነጠለ ነው፤ አንድ ጎማ ብቻ ቢነካው ምንም አይሆንም። ኩርባ ላይ ግን መሃለኛው ወደ ግራ ሲገፋ ጫፎቹ ወደ ቀኝ ይገፋሉ፣ በአንድ ጊዜ ሁለቱም ጎን ሻንሲውን ይነካሉ። ያኔ ሾርት ይሆናል። መልቲሜትሩን ድምፅ ላይ አድርገሽ አንዱን ጫፍ ሻንሲው ላይ፣ ሌላውን በየጎማው ብረት ላይ እያደረግሽ እያንዳንዱን አክስል ግራና ቀኝ ግፊ። የሚጮኸው የትኛው እንደሆነ ወዲያው ታውቂያለሽ።

ከጎማ ይልቅ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ፍሬኑ ነው። የኪቱ የፍሬን ጫማ ናስ ስለሆነ፣ ጎማው ሲንሸራተት ይነካዋል። ከጎማው 0.5 ሚሊ እስኪርቅ በሞረድ ብይው፣ ወይም ቆርጠሽ በፕላስቲክ ተኪው። ሻንሲው ራሱ የሚነካ ከሆነ ቦታው ላይ የሲጋራ ወረቀት በሱፐር ግሉ ለጥፊ፤ ሲደርቅ በምላጭ ከርክሚው።

ኤሌክትሪኩን ከስድስቱም ጎማ ሰብስቢ። 0.3 ሚሊ ፎስፎር ብሮንዝ ሽቦ፣ መዳብ በተለበጠ ቦርድ ላይ በሊድ ተይዞ፣ የጎማውን ብረት ከጀርባ በስሱ የሚነካ ይሁን። በጣም ከተጫነ ፍሬን ይሆናል። መሃለኛው 0.5 ስለሚንሸራተት የሱ ሽቦ ረዘም ያለ መሆን አለበት፣ አለዚያ አንድ ጎን ሲሄድ ይለቀዋል።

ዝም ያለ ሞተር
ሁላችሁም የረሳችሁት አለ። ሻንሲው ግትር ከሆነ ሐዲዱ ፍጹም ደልዳላ ባልሆነበት ቦታ ከስድስቱ ጎማ አንዳንዶቹ አየር ላይ ይቀራሉ። የኋላውን አክስል እንዳለ ትታ የፊቱንና የመሃሉን በ1 ሚሊ ሽቦ ሚዛን ላይ ብታስቀምጣቸው፣ ቡሾቹ ላይና ታች 0.5 እንዲንቀሳቀሱ፣ ኤሌክትሪክ የሚቋረጥበት ምክንያት ይጠፋል። ቢዬላውም መሃለኛው ፒን ላይ መታጠፍ አለበት።

ጋሽ ፑንታ
ልክ ነህ፣ ግን ላሁኑ አይደለም። የተሠራ ሻንሲ ቆርጦ ሚዛን ማስገባት ከአዲስ መጀመር ይከፋል። በመስታወት ላይ ስታስቀምጪው ስድስቱም ከነኩ ተዪው። አንዱ ከተንጠለጠለ ሻንሲው ተጣሟል፤ የሻንሲውን ሁለት ጎን የሚያያይዙትን መስቀለኛዎች በካውያ አሙቂና መስታወቱ ላይ እንደተጫነ ይቀዝቅዝ። ክብደቱንም መሃለኛው አክስል ላይ አድርጊ፤ በፓኒየሮቹ ውስጥ የእርሳስ ላሜራ ይበቃል።

የላሜራ ልጅ
ዋይት ሜታሉን በተመለከተ፦ በ70 ዲግሪ የሚቀልጥ ሊድ አለ፣ ነገር ግን ባዶ ናስ ላይ አይይዝም። መጀመሪያ ናሱን በተለመደው በ188 ዲግሪ በሚቀልጠው ሊድ በስሱ ቀቢው፣ አቀዝቅዢው፣ ከዚያ ካውያውን ወደ 160 ዲግሪ አውርደሽ በ70ው ያዢ። ሙቀቱ የማይወርድ ካውያ ይዘሽ አትሞክሪ። ብዙዎቹ እርሳስ፣ አንዳንዶቹ ካድሚየምም ስላለባቸው መስኮት ክፈቺ።

እንዲያም ሆኖ ለጭስ ማውጫና ለዶም እኔ የምመርጠው ቀስ ብሎ የሚደርቅ ኢፖክሲ ነው። ጭስ ማውጫ ጠማማ ከሆነ ከሩቅ ያስታውቃል፤ ኢፖክሲ ከፊትና ከጎን አይቶ ለማቅናት ጊዜ ይሰጣል፣ ሊድ አይሰጥም። ከመለጠፍሽ በፊት የጭስ ማውጫውን እግር በቦይለሩ ላይ በተጠቀለለ ብርጭቆ ወረቀት አሽተሽ ከቦይለሩ ጋር እንዲገጥም አድርጊ። የእጅ መያዣው ሽቦ 0.45 ሚሊ ይሁን። ሽቦውን የሚይዙትን ትንንሽ ኖቦች ቀዳዳ በመርፌ ሳትወጊ ፑንታ አታስገቢ፣ ናስ ላይ ይንሸራተታል።

ካቢኑንም እይ። ለንደን ትራንስፖርት እ.ኤ.አ. በ1956 እና በ1963 መካከል የገዛቸው 13ቱ የመጀመሪያው ዓይነት ናቸው፣ የፊት መስኮታቸው ክብ። እ.ኤ.አ. በ1933 የመጣው 8750 ንዑስ ክላስ መስኮቱ አራት ማዕዘን ነው። ኪትሽ ሁለቱንም ከያዘ ክቡን ውሰጂ።

ባለ ካውያ
ቀለሙ የተላጠው ከፍለክስ (ሊዱ እንዲይዝ ብረቱን ከሚያጸዳው ቅባት) ነው ብዬ እወራረዳለሁ። የፎስፎሪክ አሲድ ፍለክስ በመገጣጠሚያ ውስጥ ከቀረ ከፕራይመሩ ሥር አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል። በእያንዳንዱ የሥራ ቀን መጨረሻ በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠቢው። ለቀለም ሲዘጋጅ ደግሞ በኩሽና ማጽጃ ክሬም ፈትገሽ፣ አለቅልቀሽ፣ ከዚያ በኋላ በጓንት ብቻ ንኪው። ፕራይመሩ ብረቱን የሚነክስ ዓይነት ይሁን፤ ለመኪና ፕላስቲክ የሚሆነው ናስ አይይዝም። ሁለት ስስ ዙር፣ በመካከሉ አንድ ቀን። የለንደን ትራንስፖርቱ ማሩን (ጥቁር ቀይ) ቀለም ላይ ጽሑፍና መስመር ከመለጠፍሽ በፊት የሚያበራ ቫርኒሽ ንፊ፤ ደብዛዛ ቀለም ላይ ከተለጠፈ ዙሪያው ነጭ ሆኖ ይታያል። ደብዛዛውን ቫርኒሽ ከላይ ታደርጊዋለሽ።

ሚጢጢ ፒንሳ
ከአዲስ አበባ ነኝ፣ በዚሁ ልጠይቅ። የተባለው የፎስፎሪክ ፍለክስ እዚህ አላገኘሁም። ፒያሳ ወርቅ ሠሪዎች ጋ ያለው ቦራክስ አይሆንም?

ባለ ካውያ
አይሆንም። ቦራክስ የሚቀልጠው ከ700 ዲግሪ በላይ ነው፤ የኛ ሊድ በ188 ይቀልጣል፣ ቦራክሱ እንደ ዱቄት ተቀምጦ ይቀራል። ሞባይል ጠጋኞች የሚጠቀሙበት የሮዚን ፍለክስ ናሱን በብርጭቆ ወረቀት ካበራኸው በደንብ ይሠራል፤ በኋላ በአልኮል ማጠብ ነው። የላቦራቶሪ ዕቃ የሚሸጡ ቤቶች 85 በመቶ ፎስፎሪክ አሲድ ካላቸው ደግሞ 10 እጅ ውሃ ለካና 1 እጅ አሲድ ጨምርበት፣ ወደ 12 በመቶ ይሆናል። አሲዱን ወደ ውሃው ነው፣ ውሃውን ወደ አሲዱ አይደለም። መነጽርና ጓንት አድርግ።

ወለተ ሐዲድ
እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ እንዳሉት አንድ አንድ ጎን ስሞክር ሁለቱም ነፃ ናቸው፣ አንድ ላይ ሲሆኑ ይይዛል። ስለዚህ ማዕዘኑ ነው። በመልቲሜትሩ ደግሞ የጮኸው የመሃለኛው ጎማ ቀኝ ፍሬን ነው። ጂጉ እስኪመጣ ፍሬኖቹን በሞረድ እየበላሁ ነው። ጥያቄ፦ ማዕዘኑን ሳስተካክል ሦስቱንም ጎማ ላውልቅ ወይስ የሳተውን ብቻ?

የላሜራ ልጅ
የሳተውን ብቻ። ከካምቢዮው ጋር ያለውን የኋላውን እንደ መነሻ ያዢ። ከኋላ እስከ መሃል ያለውን ቢዬላ ብቻ በሁለቱም ጎን ግጠሚ፤ ከያዘ መሃለኛውን አስተካክይ፣ ካልያዘ የሳተው የፊቱ ነው። ፕላስቲክ መሃል ሦስት አራት ጊዜ ከወጣና ከገባ ይላላልና ያለ ምክንያት አታውልቂ። ስታስገቢው በእጅ ሳይሆን በሞርሳ ቀጥ አድርገሽ ግፊው፣ በሁለት ንጹህ እንጨት መካከል።

ጋሽ ፑንታ
ፍሬኑን ስትበዪ ደግሞ አክስሉን እስከ ጫፉ ገፍተሽ እያየሽ ይሁን። መሃል ላይ ቆሞ ሲታይ የበቃ የሚመስለው ኩርባ ላይ አይበቃም።