ወደ ውጭ አገር ስንጓዝ ገንዘብ እንዴት እንያዝ?

ጥያቄ፦ በቅርቡ ለ3 ሳምንት ወደ ውጭ አገር እጓዛለሁ። ጥሬ ገንዘብ ብይዝ ይሻላል ወይስ ካርድ? ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦ ሁለት ካርዶች ይያዙና ለየብቻ ያስቀምጡ። እኔ ባቡር ውስጥ ቦርሳዬን በተሰረቅሁ ጊዜ፣ ሻንጣዬ ውስጥ በካልሲ ጠቅልዬ ያስቀመጥሁት ሁለተኛው ካርድ ባይኖር ኖሮ ለማደሪያ የምከፍለው አልነበረኝም። የባንክዎን ስልክ ቁጥርም ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ስልክዎ አብሮ ሊጠፋ ይችላልና።

መልስ 2፦ ኤቲኤሙ ሒሳቡን በአገርዎ ገንዘብ መንዝሮ ለማስከፈል ሲጠይቅዎ፣ ተመኑ አብዛኛውን ጊዜ ስለሚጎዳዎ እምቢ ብለው በሚገኙበት አገር ገንዘብ ይምረጡ። ባንክ ውስጥ ያለው ማሽን ይመረጣል፤ ካርድዎን ቢውጥብዎ የሚረዳዎ ሠራተኛ በአቅራቢያው አለ።

መልስ 3፦ ጥሬ ገንዘብ ግን ጨርሶ አይቅርብዎ፤ ለ1 ወይም 2 ቀን የሚበቃዎትን ይያዙ።