«ፖሊአሚድ» የሚለው ጨርቅ ናይሎን ነው? ካውያ ይችላል?

ጠያቂ፦ ሰላም ቤተሰብ። ልብስ ሰፊ ነኝ። አንዲት ደንበኛዬ ከውጭ የመጣ ጨርቅ ይዛ መጣች፤ መለያው «ፖሊአሚድ 80፣ ኤላስታን 20 በመቶ» ይላል። እኔ የማውቀው ናይሎንና ሊክራ ነው። ባለፈው ወር የሰው ቀሚስ ካውያ ላይ ቀልጦብኝ ከኪሴ ከፍያለሁ። አሁን መንካቱንም ፈራሁ። የምታውቁ እባካችሁ።

መርፌ ወርቅ፦ አይዞሽ እህቴ፣ የምታውቂው ጨርቅ ነው። ፖሊአሚድ የዘሩ ስም ነው፤ ናይሎን ከዚያ ዘር ነው። ሊክራ የንግድ ስም ስለሆነ መለያ ላይ ኤላስታን ይባላል። አሜሪካኖች «ስፓንዴክስ» ይሉታል። «ኤክስፓንድስ»፣ ማለትም ይለጠጣል፣ ከሚለው ቃል ፊደሎቹን አቀያይረው ያወጡት ስም ነው።

አቤል፦ ናይሎን የኒውዮርክና የለንደን ምህጻር ነው ሲባል ሰምቻለሁ።

የኬሚስትሪ መምህር፦ ብዙ ሰው እንደዚያ ይላል፤ ግን አይደለም። ናይሎንን በ1935 እ.ኤ.አ. የሠራው ዋላስ ካሮተርስ ነው፣ አሜሪካ ዴላዌር ውስጥ፣ ዱፖንት ኩባንያ ቤተ ሙከራ። «ኦን» የምትለዋ መጨረሻ እንደ ኮተንና ሬዮን እንድትሆን የተጨመረች ናት። ዱፖንት ስሙን የንግድ ምልክት አድርጎ አላስመዘገበውም፤ ለዚህ ነው ማንም የሚጠራበት። ካሮተርስ ያሳዝነኛል። በ1937 ነው የሞተው፤ ናይሎን ለሕዝብ ይፋ የሆነው በ1938።

እማማ ስፌት፦ ልጄ፣ የስም ነገር ሲያደናግር ኖሯል። በእኛ ጊዜ ቴትሮን ሱሪ ነበር። ቴትሮን፣ ቴሪሊን፣ ዳክሮን እያልን ለየብቻ ስናወራ ሁሉም ፖሊስተር ኖሯል! ጃፓን፣ እንግሊዝ፣ አሜሪካ እየሠሩ የየራሳቸውን ስም ሰጡት። አሁን ወደ ሥራሽ። ከጫፉ ብጣሽ ቁረጪና መጀመሪያ እሷን ተኩሺ። ካውያው ዝቅተኛው ሙቀት ላይ ይሁን፤ በግልባጩ፣ ስስ የጥጥ ጨርቅ ጣል አድርገሽበት። ካውያውን አንድ ቦታ አታቆዪው።

መርፌ ወርቅ፦ በጣም ስለሚለጠጥ በቀጥታ ስፌት አትስፊው፤ ሲሳብ ክሩ ይበጠሳል። ዚግዛግ አድርጊው። መርፌውም ጫፉ ድቡልቡል የሆነው፣ የሚለጠጥ ጨርቅ መስፊያው ይሁን። መለያ የሌለው ጨርቅ ሲመጣልሽ ደግሞ አንድ ክር መዝዘሽ በጉጠት ያዢና ለኩሺው። ናይሎንና ፖሊስተር ቀልጠው እንደ ዶቃ ይጠጥራሉ። ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ አመድ ይሆናል። ቪስኮስም ከእንጨት ስለሚሠራ እንደ ጥጥ ነው የሚነደው።

ጠያቂ፦ እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ብጣሿን እንዳሉኝ ተኮስኳት፤ ምንም አልሆነችም። ነገ ቀሚሱን እቆርጣለሁ።