11ኛ ክፍል ሆኜ የኮሌጅ ስታቲስቲክስ ልጀምር እንዴ?

የ11ኛዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባህር ዳር ነኝ፣ የ11ኛ ክፍል ናቹራል ተማሪ። አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ ሃይስኩል ሆና ኤፒ ስታቲስቲክስ የሚባል የኮሌጅ ደረጃ ኮርስ ትወስዳለች፣ አንቺም በኢንተርኔት ተማሪው፣ ነፃ ነው እያለች በየቀኑ ትጨቀጭቀኛለች። ካን አካዳሚ የሚባለው የነፃ ትምህርት ድረ ገጽ ላይ ገብቼ አየሁት። መጀመሪያው ያው አማካይ፣ ሚዲያን ምናምን ነው፣ እሱን ተምረናል። ከዚያ በኋላ ግን ግር አለኝ። ካልኩለስ ሳልማር ይቻላል? ደሞ ለማትሪክ ይጠቅመኛል ወይስ ጊዜዬን ይበላል?

ፔዳ የከረመ፦
እህቴ፣ ካልኩለስ አያስፈልግሽም፣ አልጀብራ ከቻልሽ ይበቃል። ካልኩለስ የሚመጣው ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ ስታቲስቲክስን ዲፓርትመንት ብለሽ ከያዝሽ ነው፣ እኔ እዚያ ነው ያለቀስኩት። ኤፒ ላይ ስሌቱን ካልኩሌተር ይሠራልሻል። የሚከብደው መጻፉ ነው፤ መልሱን አግኝተሽ ለምን እንደሆነ ካላስረዳሽ ሙሉ ነጥብ የለም፣ ያውም በእንግሊዝኛ።

ለምሳሌ የጣና ቆሮሶ በአማካይ ስንት ይመዝናል ብለሽ ጠዋት አሳ ገበያ ሄደሽ 30 መዘንሽ እንበል። አማካዩን በሁለት ደቂቃ ታወጪዋለሽ። ግን የምኑን አማካይ ነው ያወጣሽው? አሳዎቹ የመጡት በመረብ ነው፣ ትንንሾቹ በቀዳዳው ሾልከዋል፣ ስለዚህ የለካሽው መረቡ የያዘውን እንጂ ሐይቁን አይደለም። 30ውን 300 ብታደርጊውም መረቡ ያው ከሆነ ስህተቱ አይጠፋም፣ እንዲያውም በተሳሳተው ቁጥር ይበልጥ ትተማመኛለሽ። እኔ ይሄ የገባኝ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው፣ ፎርሙላውን ሁሉ ሸምድጄ ከጨረስኩ በኋላ።

ጥላ ሻጩ፦
ሐምሌ ላይ የኔ ጥላ ሽያጭ ሲጨምር የጢስ አባይ ፏፏቴም ይሞላል። እና ፏፏቴውን የምሞላው እኔ ነኝ ማለት ነው ሃሃሃ። ሁለት ነገር አብሮ ስለጨመረ ብቻ አንዱ ሌላውን አመጣው አይባልም፣ ይሄም ኮርሱ ውስጥ አለ፣ የእህቴ ልጅ ነው የነገረኝ።

የተማሪ እናት፦
ልጄ፣ ጉጉትሽ ደስ ይላል። ግን እዚህ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባሽ የ12ኛ ክፍሉ ብሔራዊ ፈተና ነው። የኤፒ ውጤት ከ1 እስከ 5 ነው የሚሰጠው፣ ጥሩ ካመጣች ለአክስትሽ ልጅ እዚያ ብዙ ኮሌጆች እንደ ኮርስ ይቆጥሩላታል፣ አንቺ ግን ፊዚክስሽ ይጠብቅሻል። እኔ የማይሆን ነገር ጀምሮ ሁለቱንም ያበላሸ ልጅ አለኝ። ክረምቱን ተማሪው፣ መስከረም ሲጠባ ወደ ደብተርሽ።

የ11ኛዋ፦
እሺ እትዬ፣ የክረምቱ ሐሳብ ተስማምቶኛል። ፔዳ የከረምከው፣ አንድ ነገር ብቻ፦ ፒ ቫሊዩ 0.03 ሆነ ሲሉ፣ ልዩነት የለም የሚለው ግምት እውነት የመሆን ዕድሉ 3 ፐርሰንት ነው ማለት ነው?

ፔዳ የከረመ፦
አይደለም! እዚህ ጋ ያልተሳሳተ የለም፣ መምህር ሁሉ ሲሳሳት ሰምቻለሁ። ልዩነት የለም ብለሽ ትነሺያለሽ። እውነት ልዩነት ባይኖር ኖሮ እንዲህ ዓይነት ውጤት፣ ወይም ከዚህም የራቀ፣ በአጋጣሚ የሚመጣው ከ100 ወደ 3 ጊዜ ብቻ ነው ማለት ነው። ግምቱ ራሱ እውነት የመሆን ዕድሉ ስንት ነው የሚለውን አይነግርሽም። ሁለቴ አንብቢው፣ ካልገባሽ ነገ እንደገና። አሳ ገበያ ከሄድሽ ደሞ ሻጩን ሳይሆን አጥማጁን ፈልጊና የመረቡን ቀዳዳ ስፋት ጠይቂው።

የ11ኛዋ፦
ቅዳሜ ሚዛን ይዤ እሄዳለሁ በቃ። እናቴ አሳ ልገዛ የሄድኩ ነው የሚመስላት።