የፈጠራ ጽሑፍ ማስተርስ ይጠቅመኛል? ምክራችሁን እሻለሁ

ጤና ይስጥልኝ። ድሬዳዋ የአማርኛ መምህርት ነኝ፣ አጫጭር ልቦለድም እጽፋለሁ። ለኤም.ኤፍ.ኤ (ለፈጠራ ጽሑፍ ማስተርስ) ላመልክት ወይስ ልተወው በሚል ጭንቅ ላይ ነኝ።

ለምሳሌ የአሜሪካው አዮዋ ዩኒቨርሲቲ የጸሐፊዎች ወርክሾፕ ከ1936 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ተማሪው ረቂቁን ያቀርባል፤ መምህሩና የክፍል ጓደኞቹ መስመር በመስመር ይተቹታል። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች እያስተማርክ በነጻ እንድትማርም ያደርጋሉ። «ደራሲነት ተሰጥኦ ነው» የሚሉኝ አሉ። እኔ ግን የሚተች ሰው ነው ያጣሁት! ወዳጆቼ «ቆንጆ ነው» ብለው ይመልሱልኛል፣ በቃ።

የያዝኩት ታሪክ እዚሁ ድሬ ቀፊራ ገበያ ውስጥ ስለምትነግድ ሴት ነው። በአንድ ትንፋሽ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ ትቀላቅላለች። ንግግሯን ደጋግሜ ብጽፈውም ወረቀት ላይ ይደርቅብኛል። አሜሪካ ብሄድ የምጽፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ታዲያ ይህን ማን ያርምልኛል? አገር ውስጥ የሥነ ጽሑፍ ማስተርስ ብማር ደግሞ ትኩረቱ በአብዛኛው የሌላውን ሥራ መተንተን ላይ ነው።

እባካችሁ፣ ተምራችሁ የተመለሳችሁ ካላችሁ፣ አማርኛችሁን ጠቀመው ወይስ ጎዳው? ድሬ ወይም ሐረር ረቂቅ እያነበበ ሳይራራ የሚተች ስብስብ የምታውቁም ጠቁሙኝ። ማመልከቻው ሊዘጋ ተቃርቧል።