የጀበናዬን ስቴሪዮ ፎቶ ዳኛው «ዐይን ያማል» አለኝ፣ ምን አጥፍቼ ነው?

ባለረከቦት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ሜሪላንድ ነው። አምና ሰፈር ውስጥ ያለ የካሜራ ክለብ ገባሁ፣ በዓመት አንዴ የስሪዲ (ስቴሪዮ) ፎቶ ውድድር አላቸው፤ አንዱን ነገር ለግራ ዐይንና ለቀኝ ዐይን ሁለቴ አንስተን በመነጽር ስናየው ጥልቀት ያለው የሚመስለው ማለት ነው። ተራራ ምናምን የምሄድበት ጊዜ ስለሌለኝ የቡና ዕቃዬን ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ አነሳሁ፤ ረከቦት፣ ስድስት ሲኒ፣ ጀበና፣ ፈንዲሻ፣ የሚጨስ ዕጣን፣ ከኋላ ደግሞ ሳሎኑ እስከ መስኮቱ ድረስ ይታያል። ካሜራዬ አንድ ነው። በሰው ሁለት ዐይኖች መሀል 6.5 ሴንቲሜትር ገደማ አለ ሲባል ስለሰማሁ የግራውን አንስቼ፣ ካሜራውን 6.5 ሴ.ሜ ወደ ቀኝ ወስጄ፣ እንደገና ጀበናው ላይ አነጣጥሬ የቀኙን አነሳሁ። ከሌንሱ እስከ ፊተኛው ሲኒ 40 ሴ.ሜ ይሆናል።

ዳኛው መነጽሩን አድርጎ አየና ወዲያው አወለቀው። ዐይን ያማል፣ ጢሱ ይንቀጠቀጣል፣ በግራ በኩል ያለው ሲኒ ደግሞ ግማሹ ተቆርጦ አየር ላይ ተንጠልጥሏል አለኝ። ተናድጄ ቤት ስገባ ራሴ አየሁት። እውነትም ያማል። እባካችሁ ምን ላድርግ?

ሐዲድ፦
እህቴ፣ ያጠፋሽው 6.5ቷ ናት። እሷ የምትሠራው ቅርቡ ነገር 2 ሜትር ገደማ ሲርቅ ነው። ጣትሽን አፍንጫሽ ሥር አድርጊና ጣትሽንም መስኮቱንም ባንዴ ለማየት ሞክሪ። ዳኛው ላይ ያደረስሽው እሱን ነው።

ከሌንሱ እስከ ቅርቡ ነገር ያለውን ርቀት ለ30 አካፍዪ። 40 ለ30 ሲካፈል 1.3 ሴ.ሜ ገደማ፣ አንቺ አምስት እጥፍ ሄደሻል ማለት ነው። ሕግ ሳይሆን መነሻ ነው ታዲያ። ከጀበናው ኋላ ጠጋ አድርገሽ ጥቁር ጨርቅ ብትሰቅዪና ሳሎኑ ባይታይ 2 ሴ.ሜም ያስኬድሻል። መስኮቱ ከታየ ግን ከ1.3 አትለፊ፣ ዙም ካደረግሽ ደግሞ ከዚያም ቀንሺ።

ሌላው፣ ካሜራውን ወደ ጀበናው አታዙሪው። ካዞርሽው አንዱ ፎቶ በግራ ጎኑ ሌላው በቀኝ ጎኑ ይሰፋና ጥግ ላይ ያለው ፈንዲሻ በአንዱ ከፍ በሌላው ዝቅ ብሎ ይመጣል። ዐይን ደግሞ አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች ልሂድ ቢል አይሆንለትም። ቀጥ አድርገሽ ወደ ጎን ብቻ አንሸራትቺው፣ ትንሽ ሰፋ አድርገሽ አንሺና ትርፉን ኋላ ቁረጪ። ዕቃ መግዛትም የለብሽም፤ እኔ ማስመሪያ ጠረጴዛ ላይ በፕላስተር ለጥፌ የካሜራውን ጀርባ እሱ ላይ አስደግፌ ስገፋው ነው የኖርኩት። ፎከሱን፣ ብርሃኑን፣ የቀለሙን ልክ ሁሉንም በእጅ ቆልፊ። አውቶ ላይ ከተውሽው ሁለቱ ፎቶዎች ወንድማማች መሆናቸው ይቀርና ጎረቤት ይሆናሉ።

ባለረከቦት፦
ወይኔ፣ ጎረቤት 😂 ቀለማቸው እውነትም ይለያያል። የተቆረጠው ሲኒስ? ጢሱስ?

ስልኬ ይበቃኛል፦
ለጢሱ ቀላል ነው፣ ሁለት ስልክ ጎን ለጎን አቁመሽ እኩል ተኩሺ።

ሽበቱ፦
ስልኬ ይበቃኛል፣ ሐሳብህ ጥሩ ነበር፣ ግን የሁለቱን ስልክ ሌንስ እንዴት አድርገህ 1.3 ሴ.ሜ ልታቀራርባቸው ነው? ስልኮቹ ራሳቸው ከዚያ ይሰፋሉ። እንዲህ ለቅርብ ነገር በሁለት ካሜራ የሚሠሩ ሰዎች በ45 ዲግሪ የቆመ ግማሽ መስታወት ይጠቀማሉ፤ አንዱ ካሜራ በመስታወቱ አልፎ ያያል፣ ሌላው ነጸብራቁን ያነሳል። ለአንድ የዕጣን ጢስ ያን ሁሉ ጣጣ እኔ አላወጣም። ጢሱ በሁለቱ ፎቶ መሀል ቦታውን ስለሚቀይር የግራ ዐይን ያየውን የቀኝ ዐይን አያገኘውም፣ መንቀጥቀጡ እሱ ነው። ፍሙ ይኑር፣ ዕጣኑን ግን አትጨምሪ።

የሲኒው ነገር እንዲህ ነው። የፎቶውን ጠርዝ እንደ መስኮት ቁጠሪው። ከመስኮቱ ወደ አንቺ የወጣ ነገር እንዴት በመስኮቱ ጠርዝ ይቆረጣል? ዐይን ይቃወማል። ስለዚህ ጠርዝ የሚነካ ሁሉ ከመስኮቱ ኋላ ይሁን፤ ወደ ተመልካቹ የሚወጣው በአራቱም ጎን ያልተነካ ብቻ ነው። ስቴሪዮ ፎቶ ሜከር የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ሁለቱን ፎቶ ራሱ ያስተካክላል፣ መስኮቱንም ወደፊት ወደኋላ ትወስጂበታለሽ። እዚያ ላይ ሁለቱን ፎቶ ደራርበሽ የቅርቡን ነገር ገጥመሽ ስታበቂ፣ የሩቁ ነገር በሁለቱ ፎቶ ላይ ወደ ጎን የሚለያይበት ርቀት ከፎቶው ስፋት አንድ ሠላሳኛ ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ ስፋቱ 1920 ፒክስል ከሆነ 64 ማለት ነው።

ሌላም ልጨምር። የስሪዲ ዳኞች ብዥታ አይወዱም። በተራ ፎቶ የደበዘዘ ኋላ ያምራል፣ እዚህ ግን ዐይን እየዞረ ይፈልጋል፣ ሲያጣ ይደክማል። የቅርቡም የሩቁም ጥርት እንዲል የሌንሱን ቀዳዳ አጥብበሽ ኤፍ 11 ወይም ኤፍ 16 ላይ አንሺ።

ደግሞ የጠረጴዛ ላይ ስቴሪዮ አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ዊትስቶን ስቴሪዮስኮፑን፣ ለየዐይኑ የተሳለውን ሥዕል አንድ አድርጎ የሚያሳየውን መሣሪያ፣ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1838 ነው፣ ለሕዝብ የተገለጸ ፎቶ ሳይኖር፣ በእጅ በተሳሉ ሥዕሎች። በ1860ዎቹ ደግሞ ፓሪስ ውስጥ ሰዎች ከጭቃ ትንንሽ አጽምና ሰይጣን ሠርተው፣ ጠረጴዛ ላይ ግብር አስበልተው፣ አስጨፍረው በስቴሪዮ ያነሱ ነበር። ፎቶው ያለበት ካርድ ከኋላ ብርሃን ሲበራበት የአጽሞቹ ዐይን ቀይ ይሆናል። ጀበናሽ ከዚያ ትሻላለች።

ሐዲድ፦
ረከቦቱን አዙሮ ካሜራውን ሳይነኩ ማንሳትም ይቻላል የሚሉሽ ይኖራሉ። በጥቁር ጨርቅ ይሠራል፣ ግን መብራቱ አብሮ ስለማይዞር ጀበናው ሆድ ላይ ያለው ብልጭታ ቦታ ይቀይራል። እኔ አልመክርም።

ባለረከቦት፦
ጋሼ፣ ሐዲድ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት ሞከርኩት፤ 1.3 ሴ.ሜ፣ ማስመሪያ፣ ጢስ የለ። የግራውን ሲኒ ሦስት ጣት ወደ ውስጥ ገፋሁት። አሁን ጀበናው አንገቱ ወደኔ ወጥቶ ልቀዳበት ትንሽ ነው የቀረኝ። አንድ ነገር ብቻ፤ በሁለቱ ፎቶ መሀል ልጄ ፈንዲሻ አንስቶ በልቷል፣ የቀኙ ላይ ሁለት ፍሬ ጎድሏል። እንደገና ላንሳ ወይስ ዳኛው አያይም?

ሽበቱ፦
ያያል። እንደገና አንሺ፣ ልጁን ግን መጀመሪያ አብዪው።